እንግዳው ይዙር

በግንቦት ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኮት ደርቦ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ካያችሁ አቶ ጌታሰው ናቸው። ባጃጁ ሁሉ እየቆመ «ጋሼ ይግቡ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን ነቅነቅ አድርገው ያመሰግኑና ያልፋሉ። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰው በባጃጅ ሽው ብሎ ማለፍ ነውር ይመስላቸዋል። ሠላሳ ዓመት የዕድር ዳኛ ሆነው የኖሩት በሌላ አይደለም፣ በዚሁ በይሉኝታቸው ነው። ከሰው ቤት ሲወጡ እንኳ ለባለቤቱ ጀርባ ላለመስጠት የኋሊት እየተራመዱ ይወጣሉ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም በዚሁ የተነሳ የሰው ዶሮ ረግጠዋል።

ያን ማክሰኞ የሄዱት አስፋልቱ ዳር ጎማ ወደሚጠግነው ወደ አሰፋ ዘንድ ነበር። ሲደርሱ አሰፋ መሬት ላይ ተቀምጦ ከአንዲት ቀጭን ጎማ ላይ የግራር እሾህ በፒንሳ ይነቅላል። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙን ያሳመረ ሰው ተቀምጧል። ሰውየው አቶ ጌታሰውን አየና ፈገግ ብሎ «እንደምን ዋሉ አባባ» አለ፤ ከመቀመጫው ግን ፍንክች አላለም።

አቶ ጌታሰው ደማቸው ፈላ። ሽበት ሲመጣ የማይነሳ ትውልድ ላይ ደረስን በሉኛ! «እኛስ ደህና ነን፤ አንተ ግን እጅግ የተመቸህ ትመስላለህ» አሉት፣ ነገር በሆነ ድምፅ።

ሰውየው ሣቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተነስቼ እንዳልቀበልዎ አሰፋ እግሬን ገልብጦ እየለጠፈው ነው።»

«እግርህን?»

«ያውልዎት።» በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። አንድ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ ጎማው ወልቆ ተገልብጧል።

አቶ ጌታሰው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ እንደገና ጠየቁ። ሰውየው «ኧረ ምንም አይደል፣ ይልቅ ይቀመጡ» ብሎ በእጁ አግዳሚውን ጠረገላቸው። ጁነይድ ይባላል። የካራቆሬ ሰው ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሚነዳው ሚኒባስ ተገልብጦ ወገቡ ተጎድቷል።

ከዚያ አቶ ጌታሰው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «አሰፋ፣ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ፈልጌ ነበር። አሮጌም ቢሆን አየር ከያዘ ይበቃኛል።»

«ለየትኛው መኪና ነው ጋሼ?»

«ለመኪና አይደለም። ለአሰግድ መኝታ ነው።»

አሰፋ ፒንሳውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። አሰግድን የማያውቅ የለም። የአቶ ጌታሰው የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ጥር ላይ ከገዛ ግቢያቸው ሽንኩርት ሲጫን፣ አይሱዙው ጫፍ ላይ ወጥቶ ጆንያ ሲደረድር ተንሸራተተና በጀርባው ወደቀ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከእምብርቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። አዲስ አበባ ሆስፒታል አንድ ወር ተኛ፤ ሐኪሞቹ «ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል፣ የሚቻለውን አድርገናል» ብለው መለሱት። ወጌሻ አየው፣ ጸበል ተጠመቀ። ይኸው አራት ወሩ፣ ሳሎን ውስጥ ተኝቷል።

ጁነይድ ሣቁን ከፊቱ ላይ አጠፋ። «ቆስሏል ማለት ነው?»

«ዳሌው አካባቢ ትንሽ ቀላ ብሎ ነበር። ከዚያ ተላጠ አለችኝ እናቱ። አሁን ደግሞ ሽታ አለው ትላለች። ጎማ ተነፍቶ እላዩ ላይ ቢተኛ ቁስሉ መሐል ላይ ክፍት ሆኖ ያርፋል አሉኝ።»

«እርስዎ አላዩትም?»

«የጎረመሰ ልጅ ገላ ገልጬ ልይ? ምን በወጣኝ!»

ጁነይድ ከመሬት የላስቲክ ቁራጭ አነሳና «ጣትዎን ያውሱኝ» አለ። አቶ ጌታሰው ግራ ገብቷቸው ሌባ ጣታቸውን ሰጡት። ላስቲኩን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ጥቂት ቆይቶ የጣቱ ጫፍ ጠቆረ፣ ከዚያ ይወጋ ጀመር።

«ፍታኝ እንጂ ልጄ!»

«አመመዎት?»

«ታዲያስ!»

«እሰይ። አሰግድን ግን አያመውም። ጎማ ላይ ቢያስተኙት ዙሪያውን የሚጫነው ቀለበት መሐል ላለው ቁስል የሚሄደውን ደም እንዲህ ነው የሚያንቀው። ፈውስ መስሎዎት ቁስሉን ያሰፉታል። ወላሂ ጋሼ፣ ይህን ጎማ ከሚወስዱለት ባዶ እጅዎን ቢመለሱ ይሻለዋል።» ላስቲኩን ፈታላቸው። «እኔ ሥራዬ ይኸው ነው። እንደኔ የተጎዳ ሰው ቤት እየሄድኩ እኔ በመከራ ያወቅሁትን እነግረዋለሁ። የአቻ አማካሪ ይሉናል። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪም ቃል ቤት ሲገባ ምን እንደሚደርስበት ግን ከሐኪም በላይ አውቃለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?»

«በቀኙ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ፊቱ ወደ በሩ እንዲሆን ነዋ።»

«ለምን ወደ በሩ?»

አቶ ጌታሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ገረማቸው። «አልጋው ግድግዳ ታክኮ ነው። በግራው ከተኛ ፊቱ ግድግዳ፣ ጀርባው ለሰው ሊሆን ነው። ልጄ፣ ስማኝ፤ ሰው ሥራውን ትቶ፣ በዚህ ሙቀት፣ ስኳሩን ለስላሳውን ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል። ተነስቶ መቀበሉን እግዜር ነሳው፣ እሺ። ፊቱን እንኳ ይንፈጋቸው? ካህን ሲገባ ማጅራቱን ያሳይ? የጌታሰው ልጅ እግሩን ቢያጣ አስተዳደጉን አጣ እንዲባል አልፈልግም።»

«ሆስፒታል ሳለ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት አላሏችሁም?»

«ብለውናል። ወረቀትም ሰጥተውናል።»

«ታዲያ?»

«እነሱ ምናለባቸው፣ እንግዳ የለባቸው!»

አሰፋ ሣቁ አመለጠው። ጁነይድ ግን አልሣቀም፤ ይህን መልስ ከዚህ በፊትም በሌላ ቤት ሰምቶታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ የአቶ ጌታሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛ በሽተኛ ስንጠይቅ የምንሄደው ለበሽተኛው ይሁን ለራሳችን አይታወቅም። ስንገባ ቀና እንዲልልን፣ ስናወራ እንዲሰማን፣ ስንወጣ እንዲመርቀን እንፈልጋለን፤ ሲደክመው «ፊት ነሳን» እንላለን።

«ጋሼ፣» አለ ጁነይድ፣ «ጤነኛ ሰው ለምን ይገላበጣል? አጥንቱ ሥጋውን ሲጫነው፣ ደም ሲያጥረው ስለሚያመው ነው። ተኝቶ እንኳ ያውቀዋል። የአሰግድ ሰውነት ግን ለአሰግድ መናገር ትቷል። ስለዚህ ሥጋው ያልነገረውን ሰዓት ይንገረው። በየሁለት ሰዓቱ በግራ፣ በጀርባ፣ ከቻለ በሆዱ፤ የቆሰለው ጎን ግን እስኪድን ጨርሶ ፍራሽ አይንካው። ጸበሉን ይጠጣ፣ ማን ከለከለው? ሲጠጣ ግን ጎኑን ይለውጥ።»

«እግዜር ከፈቀደ ይድናል።»

«ኢንሻአላህ። ግን በድሩም እንደዚሁ ይል ነበር።»

«በድሩ ማነው?»

ጁነይድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋጠመ። 

«ማጀቴ አካባቢ የነበረ ልጅ ነው። ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው የተጎዳው። ሦስት ጊዜ ቤቱ ሄጃለሁ። ምን እንደሚበላ፣ እንዴት ከአልጋ ወደ ወንበር እንደሚሻገር፣ ሁሉን አስተማርኩት። አባቱ አጠገባችን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ የቁስል ሽታ ሸተተኝ። ብርድ ልብሱን ግለጥልኝ ማለት ነበረብኝ። ግን የሰው ቤት እንግዳ ነኝ፣ አባቱ አሉ፣ እህቶቹ አሉ፣ እንዴት ብዬ ልበል? በሚቀጥለው አየዋለሁ ብዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው የሄድኩት ለቀብሩ ነው። ይሉኝታዬ ነው የገደለው ጋሼ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ብርድ ልብስ ሳልገልጥ ወጥቼ አላውቅም፤ ቢሰድቡኝም፣ ቢያባርሩኝም።»

 አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሷቸው አለፈ።

«የእኔስ ጉዳት፣» ብሎ ቀጠለ ጁነይድ፣ «ምናልባት ይህን ያህል ባልከፋ ይሆናል። መኪናው ሲገለበጥ የመጣው ሰው ሁሉ ደግ ነበር። አንዱ እጄን፣ ሌላው እግሬን ይዞ በመስኮት አወጡኝና በአንዱ ጀርባ አዘሉኝ። ወገቡ የተመታ ሰው አይታጠፍም፣ አይቀመጥም፣ አይታዘልም። እርዳታ እስኪመጣ ባይነቃነቅ ነው ጥሩ። የግድ መነሳት ካለበት አንገቱና ወገቡ ሳይጠማዘዝ፣ ብዙ ሰው ሆኖ እኩል አንስቶ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው። ሳንቃ ከጠፋ የቤት በር ይነቀላል። በር የሌለው ቤት የለም።»

አቶ ጌታሰው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያዩ ነበር። አሰግድ የወደቀ ዕለት ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ብብቱ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ያነሱት፣ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ያስቀመጡት፣ ወጌሻ ቤት እስኪደርሱ ደግፈው የያዙት እሳቸው ናቸው። አሰግድ ከወደቀበት እስከ ሳሎኑ በር ሦስት እርምጃ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጥሩ የዋንዛ በር።

አንድ ጥያቄ ጉሮሯቸው ላይ መጣና ዋጡት። ብድግ አሉ። «ና እንሂድ» አሉት። በዕድሜያቸው ሙሉ ሚስታቸውን ሳያማክሩ እንግዳ ሲጋብዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጎማው ተለጥፎ ሲያበቃ በባጃጅ ሄዱ። አቶ ጌታሰው በመንገድ ለማንም ሰላም አላሉም።

ሳሎኑ እንደ ወትሮው ሞልቷል። የጎረቤቷ እትዬ ብርቱካን አሉ፣ ሁለት የዕድር ሰዎች አሉ። አሰግድ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ ለእትዬ ብርቱካን ወሬ «እሺ፣ አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። እናቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ግርጌው ቆመው በጨርቅ ያራግቡለታል። ባለ ባጃጁና አንዱ የዕድር ሰው ጁነይድን ከነወንበሩ የበሩን ደፍ አሻገሩት፤ በሩ ጠቦ ክንዱን ላጠው።

ጁነይድ ሽታውን ከደጃፉ ለየው። አቶ ጌታሰውን ቀና ብሎ አያቸው።

አቶ ጌታሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዶች፣ እንግዲህ… ለዛሬ… ውጡልን።»

ወይዘሮ አመለወርቅ ማራገባቸውን አቆሙ። እትዬ ብርቱካን «ምን አልክ ጌታሰው?» አሉ።

«ውጡልን አልኩ፣ ብርቱካን። እለምንሻለሁ።»

ወጡ። እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን ሲያጣፉ «ሀብታም ዘመድ መጣላቸው መሰል» ማለታቸው ከውጭ ተሰማ። የአቶ ጌታሰው ጆሮ ጋለ፤ ግን አልተከተሏቸውም።

ጁነይድ ወንበሩን አልጋው ድረስ አስጠጋ። «አሰግድ፣ ጁነይድ እባላለሁ። እኔም እንዳንተ ነኝ። ቁስልህን ልይ?»

«አይሆንም» አለ አሰግድ።

«እሺ። ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣህ?»

«አንድ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ብጠጣ ሽንት አለ። ሰው ሞልቶ ምን ላድርግ? ሽንቴን በቱቦ ሳወጣ እትዬ ብርቱካን ይዩኝ?» ድምፁ ተሰበረ። «እንድራመድ ልታደርገኝ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«እንዴት እንደምትቀመጥ። እንዴት ከዚህ አልጋ ወርደህ ደጅ እንደምትወጣ። ትራመዳለህ ብዬ አልዋሽህም፤ እኔንም ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፣ እሱን ስጠብቅ ሁለት ዓመቴን በላሁት። አሁን ግን ቁስሉን ካላየን ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ግለጠው።»

አሰግድ አባቱን አየ። አቶ ጌታሰው ራሳቸው ሄደው ብርድ ልብሱን ገለጡት።

እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ነገር ይታያል፤ አጥንት ነው። ወይዘሮ አመለወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ለካ ሰውነቱም እሳት ሆኖ ነበር፤ ሙቀቱን ሁሉም ከቆላው አየር ቆጥረውት ኖሯል።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ጌታሰው፣ «ይህን ያህል ሲሆን ለምን አልነገርከኝም? ለምን አዙሩኝ አላልክም?»

አሰግድ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አባባ፣ ሰባት ዓመቴ ላይ ቄሱ ተቀምጠው ጀርባዬን ሰጥቼ ስጫወት የገረፉኝ ትዝ ይልዎታል? ከዚያ ወዲህ ለሰው ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም። እርስዎ ደስ እንዲልዎት ነው።»

ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ክርክር አልነበረም። ጁነይድ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አምቡላንስ መጣ፤ አሰግድ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባ።

አቶ ጌታሰው ሦስት ወር ሙሉ አልጋው ሥር ተኙ። የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ «ጸሎት አድርጉ» ተባሉ። ሐኪሞቹ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው ጣሉ፣ ከጭኑ ሥጋ አምጥተው ደፈኑት። አንድ ወጣት ሐኪም እንዲሁ በጨዋታ መሐል «መጀመሪያ የቀላ ቀን ዞሮ ቢተኛ ኖሮ በሳምንት ይጠፋ ነበር» አላቸው። ልጁ ክፉ ማለቱ አልነበረም፣ ግን ይህችን ቃል አቶ ጌታሰው በቀን አሥር ጊዜ ያኝኳት ነበር።

አሰግድ ነሐሴ ላይ ከሆስፒታል ሲመለስ ክብደቱ ከአንድ ከረጢት ማሾ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጁነይድ በየማክሰኞው መጣ። መጀመሪያ መጀመሪያ አሰግድ ይሰድበው ነበር፤ «አንተ ጥጋበኛ» ይለዋል፣ «ስብከትህን ይዘህ ሂድ» ይለዋል። ጁነይድ «እኔ የባሰ እሳደብ ነበር፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥል» እያለ መስተዋት ሰጥቶ ገላውን ራሱ እንዲያይ አስተማረው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር በክንዱ መሻገር፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በየጊዜው በክንዱ ተደግፎ መቀመጫውን ማንሳት፣ ሰዓቱን ጠብቆ ሽንቱን በቱቦ ማውጣት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ጭኑን እንዳይነካው መጠንቀቅ። አንድ ማክሰኞ ሁለቱ ስለ ሴት ሲያወሩ አቶ ጌታሰው ከጓዳ ሰሙ። አሰግድ እጮኛው ማግባቷን ሲነግረው ጁነይድ «የእኔዋም አገባች» አለ፤ ከዚያ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ይህን ዝምታ አባት ሊሰጠው አይችልም ነበር፤ ሐኪምም አይችልም።

መስከረም ላይ ዕድሩ ሲሰበሰብ አቶ ጌታሰው ከዳኛ ወንበራቸው ተነሱ።

«ጉባኤው ይስማኝ። ልጄን ከአይሱዙ ላይ የጣለው አደጋ ነው። ዳሌውን የበላው ግን እኔና እናንተ ነን። እኔ ፊትህን አዙር አልኩት፣ እናንተ ፊቱን ፈለጋችሁ። ካሁን በኋላ በዚህ ዕድር ደንብ አለ። በሽተኛ ስንጠይቅ አልጋው ከግድግዳ ይውጣ፤ በሽተኛው ወደ ፈለገበት ዞሮ ይተኛ፤ ፊቱን ማየት የፈለገ እንግዳ በርጩማውን ይዞ ይዙር። እንግዳው ይዙር! ቤተሰቡ ‹ሰዓቱ ነው፣ ውጡ› ሲል የሚቀየም ካለ ቤቱ ተቀምጦ ይቀየም። ሩብ ሰዓት ይበቃል። የመጣነው ለመጠየቅ ነው ወይስ ለመታየት?»

እትዬ ብርቱካን ከኋላ «እንግዲህ በሽተኛ ጀርባውን ሰጥቶን ልናወራው ነው?» አሉ።

«አዎ ብርቱካን። ጀርባውን ይስጥሽ። ጀርባውን የሚሰጥሽ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የተገላበጠ አይቆስልም፣ ውሃ የጠጣ ኩላሊቱ አይታመምም፣ ያልቆሰለ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሠርቶ ይበላል። ልጄ ይህን ሁሉ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማግኘት ይችል ነበር። እኔ በጨዋነቴ ሦስት ወር ሞት አፋፍ አቆምኩት።»

እትዬ ብርቱካን ግን በማግሥቱ መጡ፣ አሰግድ ወደ ግራ ተኝቶ አገኙት፣ በርጩማቸውን አንስተው ዞሩ። ሩብ ሰዓት ሲሞላም ሳይነገራቸው ተነሱ።

አሁን አሰግድ ወንዝ አጠገብ ካለው የሽንኩርት መጫኛ ቦታ ይውላል። በስልክ መኪና ያገናኛል፣ ጭነት ያስተባብራል፤ ማንም በገመድ ሳይያዝ ጆንያ ጫፍ ላይ ሲወጣ ካየ ጩኸቱ ለጉድ ነው። አይስቅም። ድሮ ይስቅ የነበረ ልጅ ነው።

አቶ ጌታሰው ያን የዋጡትን ጥያቄ ያወጡት በጥቅምት ነው፣ እዚያው አሰፋ ዘንድ፣ የጁነይድ ጎማ ዳግመኛ ሲለጠፍ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ። በወደቀ ዕለት እኔ ነኝ ያነሳሁት። አጥፌ ባጃጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። እኔ ነኝ?»

ጁነይድ «አይደሉም» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ በድሩ ትዝ አለው መሰል፣ ዘጋው።

«አላውቅም ጋሼ። ሲወድቅ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ብሶበት ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም። አሰግድም ጠይቆኛል፤ ለሱም ይህንኑ ነው ያልኩት።»

«ጠይቆሃል?»

«ጠይቆኛል። ‹አባባን ግን እንዳትነግራቸው› ብሎ ነበር።»

አቶ ጌታሰው አመስግነው ተነሱ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የኋሊት አልተራመዱም።

በማግሥቱ ማለዳ መዶሻና ፒንሳ ይዘው ቀዩን በር ከማጠፊያው ነቀሉት። ወይዘሮ አመለወርቅ «ኧረ ሰውዬ፣ በር የሌለው ቤት ልታኖረን ነው?» ብለው ጮኹ።

«መጋረጃ ስቀይ» አሉ አቶ ጌታሰው። ደፉንም በመዶሻ አፈረሱት።

በሩን በጋሪ አስጭነው መጫኛው ቦታ ወሰዱት፣ ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ በነጭ ቀለም ጻፉበት፦ «ለወደቀ ሰው። አትጠፉት፣ አታስቀምጡት፣ በዚህ አንሱት።» ጫኞቹ ተሰብስበው ሲያነቡ አሰግድ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አየ። በሩን አወቀው። ወንበሩን ነድቶ መጥቶ አባቱ አጠገብ ቆመና የተጣመመውን ሚስማር በእጁ አቀና።

ያን ቀን ማታ አሰግድ ያለ ማንም እርዳታ፣ ክንዱ ሳይላጥ፣ በመጋረጃው ውስጥ አልፎ ቤቱ ገባ። አቶ ጌታሰው ደጅ ቀርተው ነበር፣ አይሱዙው ቆሞ ከነበረበት ቦታ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ፣ በልባቸው እየቆጠሩ። ሦስት ነው። ዛሬም ከቤት በወጡና በገቡ ቁጥር ይቆጥሩታል፤ አንድም ቀን አራት ሆኖላቸው አያውቅም።